የተጣበቀ የሻተር ቁልፍ፦ በሬንጅፋይንደር ካሜራ ላይ ብልሽትን ከሥሩ ስለ መፈለግ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ብልሽት ነው። የፊልም ካሜራ የሻተር ቁልፍ «ተጣበቀ» ሲባል በውስጡ ምን እንደሚሆን፣ ምክንያቱን በምን ቅደም ተከተል እንደምንለይና ከየትኛው ድርጊት መቆጠብ እንዳለብን አብራራለሁ። ለማሳያነት የመረጥሁት በ1972 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበውን የጃፓኑን ካኖኔት ኪው ኤል 17 ጂ 3 ነው። ይህ ካሜራ ባለ 40 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.7 ሌንስ ሲሆን፣ ሻተሩ በሌንሱ ውስጥ የተደራረቡ ስስ የብረት ቅጠሎች አሉት።

በመጀመሪያ ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስበን ልግለጽ። በሬንጅፋይንደር ካሜራ ፎቶ አንሺው የሚያይበት መስኮት ከሌንሱ የተለየ ነው። በመስኮቱ የሚታየው ምስል ሻተሩ ቢከፈትም ባይከፈትም አይለወጥም። ቅጠሎቹ ተጣብቀው ብርሃን ባያስገቡም ቁልፉ ይወርዳል፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የፍሬም ቆጣሪውም ይጨምራል። ጉዳቱ የሚታወቀው ፊልሙ ታጥቦ 36ቱም ፍሬሞች ባዶ ሆነው ሲወጡ ነው። ያለፈ ሠርግም ሆነ የተጠናቀቀ የመስክ ጥናት ደግሞ አይነሣም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ምርመራችን ከቃሉ ይጀምራል። «ተጣበቀ» የሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ሁኔታዎችን ይሸፍናል። አንደኛው ቁልፉ አልወርድ ሲል ነው። ሁለተኛው ወርዶ አልመለስ ሲል ነው። ሦስተኛው ቁልፉ ደኅና ሆኖ ቅጠሎቹ አልንቀሳቀስ ሲሉ ነው። ከጣታችን እስከ ፊልሙ ባለው መንገድ ላይ ቁልፉ፣ ዘንጉ፣ መቆለፊያው፣ ሞላውና ቅጠሎቹ በተራ ይገኛሉ። የመርማሪው ጥያቄ እንቅስቃሴው ከእነዚህ በየትኛው ላይ ቆመ የሚል ነው።

ቁልፉ አልወርድ ሲል

አልወርድ ያለ ቁልፍ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። ካሜራው ሆን ተብሎ የሚቆለፍባቸው ሁኔታዎች አሉ። ፊልም ማሳለፊያው እጀታ እስከ መጨረሻ ካልተሳበ ቁልፉ አይሠራም፤ ይህ በአንድ ፍሬም ላይ ሁለት ጊዜ እንዳይነሣ የተደረገ ጥበቃ ነው። በካኖኔት ላይ ደግሞ የአፐርቸሩ ቀለበት «ኤ» በሚለው ፊደል ላይ ሲሆን፣ ካሜራው በመረጥነው ፍጥነት መሠረት አፐርቸሩን ራሱ ይወስናል። ብርሃኑ ከመለኪያው አቅም በታች ወይም በላይ ከሆነ ቁልፉን ይቆልፈዋል። ባትሪው ካለቀም ጠቋሚው መርፌ ስለማይነሣ ውጤቱ ያው ነው። ካሜራው የተሠራበት ባለ 1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ በብክለት ምክንያት ከገበያ ስለ ወጣ፣ ዛሬ ባትሪ የሌለው ካኖኔት ማግኘት የተለመደ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። እጀታውን እስከ መጨረሻ ሳቡ፤ ቀለበቱን ከ«ኤ» አውጥታችሁ ኤፍ 5.6 ላይ አድርጉ፤ ከዚያም ቁልፉን ተጫኑ። ከ«ኤ» ውጭ ካሜራው ያለ ባትሪ በሞላ ብቻ ይሠራል። ቁልፉ ከወረደ ብልሽት አልነበረም። ካልወረደ ግን በጉልበት አትግፉት፤ በውስጡ ያሉት ማንሻዎች ስስ ስለ ሆኑ ይታጠፋሉ፤ መለዋወጫቸውም የሚገኘው ከሌላ አሮጌ ካሜራ ተነቅሎ ነው።

ወርዶ የማይመለስ ቁልፍ ብዙ ጊዜ የሚያዘው በዙሪያው በተጠራቀመ ላብና አቧራ፣ ወይም ካሜራው ወድቆ የላይኛው ክዳን በመጎድጎዱ ነው። ቆሻሻ ከሆነ ካሜራውን ገልብጣችሁ በመያዝ፣ በአልኮል በጥቂቱ በራሰ የእንጨት ስንጥር ጠርዙን አጽዱ። ካሜራው የሚገለበጠው እርጥበቱ ቆሻሻውን ይዞ ወደ ውስጥ እንዳይወርድ ነው።

ቅጠሎቹ ሲጣበቁ

አሁን ወደ አሳሳቹ ብልሽት ደርሰናል። ፊልም በሌለበት ካሜራ የኋላውን በር ክፈቱ። ፍጥነቱን «ቢ»፣ አፐርቸሩን ኤፍ 1.7 ላይ አድርጋችሁ ሌንሱን ወደ መስኮት ብርሃን አዙሩና ከኋላ እየተመለከታችሁ ቁልፉን ተጫኑ። ጤነኛ ሻተር ወዲያው ሙሉ ክብ ሆኖ ይከፈታል፤ ጣታችሁን ስታነሡም ወዲያው ይዘጋል። ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ በኋላ በመጀመሪያው ሙከራ እምቢ ብሎ በአራተኛውና በአምስተኛው የሚከፈት ከሆነ፣ በቅጠሎቹ መካከል ዘይት ገብቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ፍጥነቱን 1/4 ሴኮንድ ላይ አድርጉና አዳምጡ። ዝግታውን የሚቆጣጠሩት ጥርሶች አንድ ወጥ የሆነ ጥዝታ ያሰማሉ። ጥዝታው ከተቆራረጠ የደረቀው ቅባት ያለው በጥርሶቹ ላይ ነው።

ዘይቱ ከየት መጣ? ግራሶ በውስጡ ዘይት ያቀፈ ወፍራም ቅባት ነው። ዓመታት ሲያልፉ፣ በተለይም ካሜራው ፀሐይ በመታው መኪና ውስጥ ሲቀመጥ፣ ዘይቱ ከግራሶው ተለይቶ ይፈሳል፤ በተደራረቡት ቅጠሎች መካከል ያለው ጠባብ ክፍተትም ወደ ራሱ ይስበዋል። ኒውተን ስለ ፈሳሾች ባስቀመጠው ሕግ መሠረት፣ በሁለት ተንሸራታች ገጾች መካከል ያለ ፈሳሽ የሚፈጥረው መጎተት በፈሳሹ ዝልግልግነት፣ በገጾቹ ስፋትና በእንቅስቃሴው ፍጥነት ልክ ይጨምራል፤ ክፍተቱ ሲጠብም ይበልጥ ያይላል። የሻተር ቅጠል ስፋቱ ከክብደቱ አንጻር ብዙ ነው፤ ክፍተቱ እጅግ ጠባብ ነው፤ ሞላው ደካማ ነው። በ1/500 ሴኮንድ እንዲሠራም ይጠበቃል። ስለዚህ የስፌት መኪናን የሚያፈጥን አንድ ጠብታ ዘይት ይህን ሻተር ያቆመዋል። በተጣበቀ ሻተር ላይ ዘይት መጨመር በሽታውን ደግሞ መስጠት ነው።

መድኃኒቱ ማጽዳት ነው። የፊት ሌንሱ ቡድን በተገቢው መፍቻ ይፈታል፤ ከመፍታት በፊት አቀማመጡ በምልክት ይያዝ። በላይተር ቤንዚን በትንሹ በራሰ ጥጥ ቅጠሎቹ ይነካሉ፤ ሻተሩ በተደጋጋሚ ይሠራል፤ የወጣው ዘይት በአዲስ ደረቅ ጥጥ ይጠረጋል። ይህ ቅጠሎቹ ደረቅና ንጹሕ እስኪሆኑ ድረስ ይደጋገማል። ቤንዚኑን ማፍሰስ አይገባም፤ የሟሟው ዘይት ወደ ጥርሶቹና ወደ ሌንሱ ተሸሽጎ በማግሥቱ ይመለሳልና። በውጭ መመሪያዎች «ናፍታ» የሚለውን ስታነቡም ተጠንቀቁ፤ እኛ ናፍታ የምንለው የመኪና ነዳጅ ዘይታማ ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሥራው እሳት በሌለበትና አየር በሚገባበት ክፍል ይከናወን። በሙከራው ጊዜ ሰልፍ ታይመሩን አትንኩ፤ በአሮጌ ካሜራ ላይ መሐል መንገድ ቆሞ ሻተሩን ሊቆልፍ ይችላል።

መድኃኒቱ ለሁሉም አይሆንም

ይህን ዘዴ በ1954 እ.ኤ.አ. በወጣው ላይካ ኤም 3 ላይ የሚሞክር ሰው ካሜራውን ይጎዳል። የላይካው ሻተር በጎማ የተለበጠ የጨርቅ መጋረጃ ሲሆን ቤንዚኑ ልባጩን ያበላሻል። በ1966 እ.ኤ.አ. በወጣው ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ላይ ደግሞ የታወቀው ችግር ከቁልፉ ዘንግ ጋር የተያያዘች ትንሽ የጎማ ትራስ በዕድሜ ብዛት መፍረሷ ነው። ምልክቱም እጀታው ሲሳብ መሰማት የነበረበት የ«ቋ» ድምፅ መጥፋቱ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ጽዳት ሳይሆን አዲስ ትራስ ነው። ከውጭ አንድ የሚመስለው ብልሽት በሦስቱ ካሜራዎች ሦስት መንሥኤና ሦስት መፍትሔ አለው።

ከዚህ ትምህርት አንድ ልማድ ብቻ ብትወስዱ የምመርጠው ይህን ነው። ፊልም ከመጫናችሁ በፊት በሩን ከፍታችሁ፣ ካሜራውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ፣ ሻተሩ በእርግጥ መከፈቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው፤ የሚያድነው ግን 36 ፍሬም ነው። ያያችሁት ከግምታችሁ ጋር ካልተስማማ መፍቻውን አስቀምጡና ለባለሙያ ስጡ፤ እንቅስቃሴው የት ላይ እንደ ቆመ መንገር ከቻላችሁ የጥገናውን ግማሽ ሠርታችኋል።