ቴክኒሺየም፦ በእንቅርት ምርመራ የሚሰጠው ጨረር አመንጪ መድኃኒት

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ እንቅርት በብዛት የሚታይ ችግር ነው። አንዳንድ ታካሚዎች ለታይሮይድ ስካን አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወደሚገኘው የኒውክሌር ሕክምና ክፍል ሊላኩ ይችላሉ። «ጨረር ያለው መድኃኒት ይወጋሉ» ሲባሉ ፈርተው ቀጠሮውን የሚተዉ አሉ። ስለዚህ ምንነቱን ማወቅ ይጠቅምዎታል።

ቴክኒሺየም ምንድን ነው?

ሰው ሠራሽ ከሆኑት ንጥረ ነገሮች የመጀመሪያው ሲሆን ቁጥሩ 43 ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ኤሚሊዮ ሴግሬና ካርሎ ፔሪየር ጣሊያን፣ ፓሌርሞ ውስጥ አገኙት። ያገኙትም ከአሜሪካ በተላከላቸው፣ በቅንጣት ማፍጠኛ መሣሪያ ውስጥ በቆየ የሞሊብዲነም ብረት ላይ ነው። ስሙ «ሰው ሠራሽ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ጨረር የማያመነጭ ዓይነት የለውም።

እንዴት ይሠራል?

በደም ሥር ሲሰጥ የታይሮይድ እጢ እንደ አዮዲን ስቦ ይወስደዋል። ካሜራው ከሰውነትዎ የሚወጣውን ጨረር ተቀብሎ ምስል ያወጣል። መድኃኒቱን አብዝቶ የሚስብ እባጭ ካንሰር የመሆን ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው። የማይስብ እባጭ ደግሞ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ሊመረመር ይችላል፤ ሆኖም አብዛኛው ካንሰር አይደለም።

በሰውነት ውስጥ ምን ያህል ይቆያል?

ለምርመራ የሚውለው ቴክኒሺየም-99ኤም በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ16 እጅ አንዱ ብቻ ይቀራል፤ ከፊሉም በሽንት ስለሚወጣ የሚቀረው ከዚህም ያነሰ ነው። ከአንድ ስካን የሚያገኙት ጨረር ማንኛውም ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ ከሚያገኘው ጋር ይቀራረባል። ፀጉር አያረግፍም፤ መካንም አያደርግም።

ከምርመራው በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ

• እርጉዝ ከሆኑ ወይም ከተጠራጠሩ
• የሚያጠቡ ከሆነ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ማቋረጥ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ወተት አስቀድመው አልበው ያስቀምጡ
• የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ (በራስዎ ግን አያቋርጡ)
• በቅርብ ሳምንታት በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶዎት ሲቲ ስካን ከተነሱ

ከምርመራው በኋላ

ውኃ በብዛት ይጠጡ፤ ቶሎ ቶሎ ይሽኑ፤ እጅዎን በደንብ ይታጠቡ። በዕለቱ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ለረጅም ሰዓት ተጠግተው አይቀመጡ። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ቤትዎ መመለስ ይችላሉ።

አንገትዎ ላይ ያለው እባጭ በፍጥነት ካደገ፣ ድምፅዎ ከጎረነነ፣ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረዎት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ።