የአሮጌ መኪና መርገጫ እንዴት ይታደሳል?

የድሮዋን ቮልስዋገን የማያውቅ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ጀርባዋ እንደ ጥንዚዛ የጎበጠ ትንሽ መኪና ናት። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ የመጨረሻዋ በ1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ ወጣች። ስለዚህ ዛሬ ያሉት በጥገና የሚኖሩ ናቸው።

በዚህች መኪና በግራና በቀኝ፣ ከበሮቹ ሥር፣ ከፊት ፓራፋንጎ እስከ ኋላ ፓራፋንጎ የተዘረጋ የእግር መርገጫ አለ። መርገጫው ከላሜራ ተሠርቶ ላዩ ጎማ ለብሷል። ጉዳቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጎማው ሲሰነጠቅ ውሃና ጭቃ ከሥሩ ይገባል፤ ቶሎም አይደርቅም። ብረት ደግሞ ውሃና አየር አንድ ላይ ካገኙት ይዝጋል። ዝናብ ላይ ተጥሎ የከረመ ማረሻ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን።

እኛ ተማሪዎች አንዱን መርገጫ ለማደስ ስንነሣ ባለመኪናው፣ «ጎማውን ለውጡና ጥቁር ቀለም ቀቡት፤ ይበቃል» አሉን። ጎማውን አንሥተን በካቻቪቴ ብንነካው ላሜራውን በስቶ ወጣ። ከላይ ሲያዩት ግን ደኅና ይመስል ነበር። ቀብተን ብንተወው ኖሮ የሚረግጠው ሰው፣ ምናልባትም ሕፃን ልጅ፣ እግሩ ይሰበር ነበር። ባለመኪናውም ቀዳዳውን አይተው ጥቂት ዝም አሉና፣ «በሉ እንግዲህ ከሥሩ ሥሩት» አሉን።

ሥራው እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ የዛጉት ቡሎኖች ዘይት ተቀብተው ካደሩ በኋላ ይፈታሉ።

ሁለተኛ፣ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ይፈገፈጋል። ብናኙ ሳንባ ይጎዳልና አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ዝገት የበላው ቦታ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበታል። ቀዳዳውን በስቱኮ ብቻ መድፈን አይበቃም፤ ስቱኮ የሰው ክብደት አይችልም።

አራተኛ፣ ብየዳው ካለቀና ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በቲነር ይወለወላል። ቲነር እሳት ይስባል፤ ክብሪትና ሲጋራ ይራቅ። ከዚያ ፀረ ዝገት፣ ቀጥሎም ዋናው ቀለም ከላይም ከሥርም ይቀባል።

አምስተኛ፣ ቀለሙ በደንብ ሲደርቅ አዲሱ ጎማ ይለብሳል።

ዝገትን ሳያነሡ ቀለም መቀባት ቁስልን ሳያጥቡ በጨርቅ እንደ መጠቅለል ነው። ጎማው መሰንጠቅ ሲጀምር ገልጦ ያየ ሰው በብሩሽና በጥቂት ቀለም ይገላገላል፤ የዘገየ ግን ለበያጅ ይከፍላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።