የሕዝብ ሜዳ
ስለ ሴንት አንድሩስ የጎልፍ ሥፍራ

በአሶሳ ለምንኖር ተማሪዎች ባሕር ሩቅ ነው፤ ጎልፍ ደግሞ ከባሕርም ይልቅ ሩቅ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ጎልፍ እንዳነብ ያደረገኝ የራሴ ጥፋት ነበር። ባለፈው ዓመት በሜዳችን ስንጫወት የመታሁት ኳስ የአንዲት እናት ጀሪካን አስጥሎ ውኃዋን አፈሰሰባት። ውኃ ቀጂዎች የሚመላለሱበት መንገድ ሜዳችንን አቋርጦ ያልፋልና፥ ጓደኞቼ «በሽመል አጥረን መንገዱን እንዝጋው» አሉ። እኔም ከኀፍረቴ የተነሣ ተስማማሁ።

በዚያው ሰሞን ስለ ሴንት አንድሩስ አነበብሁ። ይህች ከተማ በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ ትገኛለች፤ «አሮጌው ሜዳ» የሚባለው ሥፍራዋም በዓለም ካሉት የጎልፍ ሜዳዎች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። ጎልፍ ማለት ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ፥ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት፥ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት ወዳለው ቀዳዳ ማስገባት ነው። በዱላው የእኛን ገና ይመስላል፤ ነገር ግን በገና ሁለት ወገን ለአንዲት ሩር ሲጋፋ፥ በጎልፍ እያንዳንዱ የራሱን ኳስ ይከተላል።

ይህን ሜዳ በመጀመሪያ የነደፉት ባሕርና ነፋስ ናቸው። ባሕር ሲሸሽ የተወው አሸዋ በነፋስ እየተከመረ ጉብታና ጎድጓዳ ሆነ፤ አጭር ሣርም በቀለበት። አሸዋ ውኃን ቶሎ ስለሚያሰርግ መሬቱ በዝናብ አይጨቀይም። የእኛ ቀይ አፈር በክረምት ምን እንደሚሆን ግን ጫማችን ይመሰክራል። በሜዳው 112 የአሸዋ ጉድጓዶች አሉ፤ አንዳንዶቹን በጎች ከነፋስ ሲጠለሉ እንደ ጀመሩዋቸው ይነገራል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1764 ዓ.ም. የጨዋታው ቀዳዳዎች ከ22 ወደ 18 ተቀነሱ፤ የዓለም ሜዳዎችም በኋላ ይህን ቁጥር ተከተሉ። ሥፍራው ጠባብ ስለሆነ ወደ ፊት የሚሄዱትና የሚመለሱት ተጫዋቾች 7 ሰፋፊ የሣር መደቦችን ይጋራሉ። በእያንዳንዱ መደብ ላይ ያሉት የሁለቱ ቀዳዳዎች ቁጥር ሲደመር 18 ይሆናል፤ ይኸውም 2ኛው ከ16ኛው፥ 3ኛው ከ15ኛው እያለ ይቀጥላል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ሜዳው የሕዝብ መሆኑ ነው። በ1552 ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን የከተማው ሰዎች በዚያ የመጫወት መብት እንዳላቸው በጽሑፍ አጸና። ዛሬም ታላቅ ውድድር ካልኖረ በቀር እሑድ ጨዋታ ይቆማል፤ ሕዝቡም ይንሸራሸርበታል። በ1ኛውና በ18ኛው መጫወቻ ላይ የሕዝብ መንገድ ያቋርጣል፤ ተጫዋቹ ምንም ዝነኛ ቢሆን መንገደኛው እስኪያልፍ ዱላውን ይዞ ይጠብቃል።

ይህን ለጓደኞቼ በነገርሁዋቸው ጊዜ ብዙ ተከራከርን፤ በመጨረሻ አጥሩን ተውን። የግቡን እንጨቶች ነቅለን ከመንገዱ አራቅናቸው። አሁን ጀሪካን የተሸከመ ሰው ብቅ ሲል ቀድሞ ያየው «ቁም!» ይላል፤ ኳሱም ይቆማል። እኔ ውኃዋን ያፈሰስሁባት እናት በመጀመሪያው ቀን ቆመን ስናሳልፋት ተጠራጥራ አየችን፤ በሦስተኛው ቀን ግን «እደጉ ልጆቼ» ብላ አለፈች።