«እሺ» ሬዲዮ ላይ አይሠራም

ባለፈው ክረምት ከደሴ ወደ አቀስታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። መሽቷል፣ ጉሙ ደግሞ የአቀስታ ጉም ነው፤ ለሚያውቀው ሰው ይህ ብቻ ይበቃዋል። አንድ ቦታ ላይ ከፊታችን የጭነት መኪና ጭቃ ይዞት መንገዱ ስለተዘጋ ሹፌራችን ወደ ኋላ መመለስ ነበረበት። ረዳቱ ወርዶ የስልኩን ባትሪ አበራና ከኋላ ቆሞ ይጣራ ጀመር፦ «ና… ና… ና… አለህ… ና!»

የኋላው ጎማ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ የጮኸው ረዳቱ ሳይሆን በመስኮት አንገቷን ያወጣች አንዲት እናት ናት። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ ወረደና «ምን እያየህ ነው ና የምትለኝ?» አለው። ልጁ አቀርቅሮ «ወላሂ ጋሼ፣ ጉሙ ከልሎኝ ነበር። አይታየኝም ብልዎት ይቆጡኛል ብዬ ነው» አለ።

ልብ በሉ፣ መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ «ና» ሲለው የነበረው ሰውዬ፣ መኪናው ሲቆም «እርስዎ» ሆነ። ረዳት ሲያስመልስ «ይምጡልኝ ጋሼ» አይልም። ጊዜ የለማ! አጭር ቃል፣ አንድ ትርጉም። ችግሩ ልጁ አክብሮቱን ከቃሉ ላይ ቢያነሳም ከሆዱ አላነሳም።

አቀስታ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት ደጅ ከቆማችሁ ወደ ሰሜን የሚያልፉ አውሮፕላኖች መብራት ይታያችኋል። ከዚያ ምሽት ወዲህ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ያሳስበኛል፦ እዚያ ላይ ያለውን ሰው በጨለማ «ና» የሚለው ማን ነው? የማይታየውስ ጊዜ ምን ይላል?

ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ሁለት አብራሪ አላቸው። አንዱ ያበራል፣ ሌላው ሬዲዮ ያወራል። ትንሽ አውሮፕላን የያዘ የግል አብራሪ ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፤ መሪውም እሱ፣ ካርታውም እሱ፣ ሬዲዮውም እሱ። ለዚህ ነው ሲሠለጥኑ መጀመሪያ አብርር፣ ቀጥሎ የት እንዳለህ እወቅ፣ ከዚያ ተናገር የሚባሉት። ማታ ደግሞ ዓይን ይዋሻል። ዙሪያው ጨለማ የሆነ ማኮብኮቢያ ላይ የሚወርድ አብራሪ ከእውነተኛው ከፍታው በላይ ያለ ይመስለውና ሳያውቅ ዝቅ ይላል። «ጥቁር ጉድጓድ» ይሉታል። የእኛን ደጋ አስቡት፦ መብራት እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ መሃሉ ባዶ ጥቁር። ከ4000 ሜትር በላይ የሆነው አምባ ፈሪት ደግሞ በጨለማ አይታይም።

ስለዚህ ንግግሩ በጣም የተገራ ነው። አብራሪው ማንነቱን፣ ያለበትን ቦታና የሚፈልገውን ይናገራል። ተቆጣጣሪው ነፋሱን፣ የማኮብኮቢያውን ቁጥርና ፈቃዱን ይሰጣል። አብራሪው የተባለውን መልሶ ይደግመዋል። ተቆጣጣሪው ድግግሞሹን ያዳምጣል፣ ስህተት ካለ ያርማል። ቦሌን ውሰዱ፦ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ማኮብኮቢያዎች አሉ። ቁጥራቸው አንድ ነው፣ የሚለያቸው «ግራ» እና «ቀኝ» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። «ሁለት አምስት ግራ» የተባለ አብራሪ «ግራ» የምትለዋን ካልደገመ ተቆጣጣሪው ዝም ብሎ አያልፈውም። ቁጥሮቹ እንኳን አነባበባቸው ተቀይሯል፤ በሬዲዮ ጫጫታ «ፋይቭ» እና «ናይን» እንዳይምታቱ «ፋይፍ»፣ «ናይነር» ይባላል።

በጣም የገረመኝ ግን የ«እሺ» ጉዳይ ነው። የእኛ «እሺ» ስንት ነገር ነው? ሰማሁ ነው፣ ተስማማሁ ነው፣ አደርገዋለሁ ነው፣ አንዳንዴም «አላደርገውም ግን አትጨቅጭቀኝ» ነው። ሬዲዮ ላይ ይህ ተከፋፍሏል። «ሮጀር» ማለት ሰማሁ ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም ማለት አይደለም። «ዊልኮ» ማለት ሰምቻለሁ፣ እፈጽማለሁ ነው። አልችልም ለማለት «አኔብል» የምትል ቃል አለች፤ ይሉኝታ የሌላት፣ ይቅርታ የማትጠይቅ ቃል። ኢኮኖሚክስ ስንማር አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው ሳያውቅ ሲቀር ገበያ ይበላሻል ይሉን ነበር። እዚህ ደግሞ አብራሪው የነዳጁን መጠን ያውቃል፣ ተቆጣጣሪው በዙሪያው ያለውን ሁሉ አውሮፕላን ያውቃል። ሁለቱን ግማሽ እውቀት የሚያገናኘው አንድ ሬዲዮ ነው።

ይሉኝታ ወደዚህ ሬዲዮ ሲገባ ምን እንደሚሆን የሚያሳየው የአቪያንካ በረራ 52 ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1990 ማታ ከኮሎምቢያ የመጣው ቦይንግ 707 ኒውዮርክ አካባቢ በመጥፎ አየር ምክንያት ከአንድ ሰዓት በላይ በሰማይ ላይ እንዲጠብቅ ተደረገ። ነዳጁ እያለቀ ነው። ሬዲዮውን የያዘው ረዳት አብራሪ ቅድሚያ እንደሚፈልጉ ተናገረ። የመጀመሪያው የማረፍ ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር ደግሞ፣ አቅጣጫ ሲሰጠው ተቀብሎ ከደገመ በኋላ፣ ነዳጅ እያለቀብን ነው የሚል ነገር ጨመረበት። ዋናው አብራሪ አደጋ ላይ መሆናችንን ንገራቸው እያለው ነበር፤ እሱም ነግሬያቸዋለሁ አለ። ነገር ግን ተቆጣጣሪውን ሁሉን ነገር የሚያስጥለውን ቃል፣ «ኢመርጀንሲ» ወይም «ሜይዴይ» የሚለውን፣ ማንም በሬዲዮ አላለም። ተቆጣጣሪዎቹ ተራ እንደያዘ እንደማንኛውም አውሮፕላን አስተናገዱት። ሞተሮቹ ጠፉ፣ አውሮፕላኑ ሎንግ አይላንድ ላይ ወደቀ። ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። ነዳጅ ስላልነበረው እሳት እንኳን አልተነሳም።

ይህን ሳነብ የታየኝ ያ ረዳት ልጅ ነው። ሁለቱም ነገሩን ያውቁ ነበር፤ ቃሉ ግን ከአፋቸው አልወጣም።

የግል አብራሪ ደግሞ ጭራሽ ላይናገር ይችላል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1999 የፕሬዝዳንት ኬኔዲ ልጅ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ጁኒየር በራሱ ትንሽ አውሮፕላን ባለቤቱንና እህቷን ይዞ ማታ ሲበር ከተነሳበት ማማ ከተለየ በኋላ ከተቆጣጣሪ ጋር አልተነጋገረም። ሕጉ አያስገድደውም ነበር። ባሕሩ ላይ ጭጋግና ጨለማ ስለነበር ላይና ታቹ ጠፍቶበት ባሕር ውስጥ ገቡ። ሬዲዮ ቢያወራ ይድን ነበር አልልም፣ መርማሪዎቹም አላሉም። ብቻ ማንም እንዳልደረሰ ያወቀው ዘግይቶ ነው።

ከእኛ ወገን አንድ የማይረሳ አለ። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ወደ ሮም ይበር የነበረውን የኢትዮጵያ አውሮፕላን ረዳት አብራሪው ዋናውን አብራሪ ከኮክፒት ውጭ ቆልፎበት ጄኔቭ ሰማይ ላይ ይዞረው ነበር። ድርጊቱን ትተን ንግግሩን ብቻ እንይ፦ አብራሪው ጥገኝነት ይጠይቃል፣ ነዳጁ ማለቁን ይናገራል። ተቆጣጣሪው ግን የሌለውን ቃል አልገባም፤ መልሱን ገና እየጠበቁ መሆናቸውን ነገረው። ሰውዬው ነዳጁ እያለቀ በጨለማ ከ200 በላይ ሰዎችን ይዞ ነው፤ «እሺ፣ ተፈቅዶልሃል» ማለት እንዴት ይቀል ነበር! ሁሉም በሰላም ወረዱ።

ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎችስ? በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ የእኛዎቹ ተቆጣጣሪዎች ደመወዝ ይሻሻልልን ብለው ሥራ ሲያቆሙ ብዙዎቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዲህ ያለ ሙያ መኖሩን የሰማነው። እኔ በበኩሌ ደመወዛቸው ሲነሳ ስንት ሰው በአንድ ማታ ድምፃቸውን ተከትሎ እንደሚወርድ አብሮ ቢሰላ ደስ ይለኛል።

ማማም ተቆጣጣሪም የሌለበት ቦታ ምን ይደረጋል የሚል አይጠፋም። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ አብራሪው የሬዲዮውን ቁልፍ በአምስት ሴኮንድ ውስጥ ሰባቴ ሲጫን የማኮብኮቢያው መብራት በራሱ የሚበራባቸው ትንንሽ ሜዳዎች አሉ። አብራሪው ማንም ባይመልስለትም ማን እንደሆነና የት እንደሆነ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ በዚያው ሞገድ ላይ ያለ ሌላ አብራሪ ይሰማዋል። ወደ እኛ ስንመጣ መካነ ሰላም እስከ ዛሬ በዓለም የአየር ማረፊያዎች ዝርዝር ውስጥ «ኤምኬኤስ» የሚል መለያ አላት፤ መንገደኛው ግን ለአውሮፕላን ኮምቦልቻ ድረስ በመኪና ይወርዳል። በጉሙ ውስጥ ማለት ነው።

በጥቅምት ስመለስ ያንኑ ሚኒባስ አገኘሁት። ጊምባን አልፈን መንገድ ጠቦ ወደ ኋላ ስንመለስ ረዳቱ ሦስቴ «ና» አለ፣ ከዚያ «ቁም! አይታየኝም!» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋና የራሱን ባትሪ ይዞ ወረደ።