ነቀዝ የሚሞተው በውሃ ጥም ነው

«ዱቄቱ ራሱ ነው ነቀዝ የሚያፈላው፤ ብትከድኚውም ዋጋ የለውም። ክኒኗን በጨርቅ ቋጥረሽ ጣል አድርጊበትና ተገላገዪ።» ይህን ምክር ቡና ላይ ሰማሁት። የመከሩት እናት ለጎረቤታቸው በጎ አስበው ነው። ነገር ግን ከተናገሩት ሦስት ነገር አንዱም ልክ አይደለም፤ የመጨረሻው ደግሞ ቤተሰብ ይጨርሳል።

ከእሱ ልጀምር። ክኒኗ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ናት። የአየር እርጥበት ሲነካት ፎስፊን የሚባል ጋዝ ታወጣለች፤ 3 ግራም ከምትመዝን አንዲት ክኒን 1 ግራም ያህል ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ሕዋሳት በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል፤ ነቀዝንም ሕፃንንም የሚገድለው በዚሁ መንገድ ነው። ማርከሻ የለውም። የተሠራችው በሸራ ተሸፍኖ ለሚታጠን የመጋዘን ክምር፣ ያውም በሠለጠነ ሰው እጅ ነው። ሰው በሚተኛበት ቤት አትግባ።

«ያፈላል» ለሚለው ብዙ መድከም አያስፈልግም። ነቀዝ ከእንቁላል ይፈለፈላል፤ እንቁላሉም ከእህሉ ጋር ወይም ከወፍጮ ቤቱ ጥጋጥግ ከተረፈ ዱቄት ጋር ይመጣል። ይልቅ የሚያስቸግረኝ ስሙ ነው። በቆሎና ስንዴ የሚበሳውን ባለ ረጅም አፍንጫ፣ ሽንብራ የሚሰረስረውን ድንክ ጥንዚዛ፣ ዱቄት ውስጥ የሚርመሰመሰውን ቀላ ያለ ጥንዚዛ ሁሉንም «ነቀዝ» ብለን እንጠራለን። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያዋ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ከጨመረች በኋላ ቀዳዳውን በሚያጣብቅ ፈሳሽ ትደፍነዋለች፤ በዓይን ቢለቀም አይገኝም። የዱቄቷ በዕድሜዋ 300 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ዱቄቱ ውስጥ ትበትናለች፤ እንቁላሉ ስለሚያጣብቅ ዱቄት ለብሶ ይሰወራል። ስለዚህ ክዳኑን ስንገጥም ሌባው ውስጥ ነው።

ታዲያ መክደን ምን ይጠቅማል? ብዙ! እዚህ ላይ ልቆይ፤ እኔን ከዓመት ዓመት የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ነቀዝ ውሃ ከየት ይጠጣል? ከ100 ግራም ዱቄት ውስጥ ውሃው ከ12 እስከ 14 ግራም ቢሆን ነው። በእንዲህ ያለ ደረቅ ቦታ የሚኖር ፍጡር ውሃውን ራሱ መሥራት አለበት። በአዲስ አበባ የጥቅምት ብርድ ማለዳ ላይ መኪና ሲነሳ ከጭስ ማውጫው ውሃ ጠብ ጠብ ሲል አይታችኋል። ያ ውሃ ቤንዚኑ ውስጥ አልነበረም፤ ቤንዚኑ ከኦክስጅን ጋር ሲቃጠል የተሠራ ነው። በነቀዝ ሰውነት ውስጥም እንዲሁ ይሆናል፤ 100 ግራም ስታርች በኦክስጅን ሲቃጠል 55 ግራም ያህል ውሃ ይገኛል። ነቀዝ ምንጩን ከራሱ ጋር ይዞ ይዞራል ማለት ነው። የምንጩ ቁልፍ ግን ኦክስጅን ነው።

በደንብ በተገጠመ ዕቃ ውስጥ ነቀዙ ራሱ እየተነፈሰ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ሲያንሰው መብላት ያቆማል፤ መብላት ሲያቆም ምንጩ ይነጥፋል። በጎንና ጎኑ የተደረደሩትን ጥቃቅን የአየር መስኮቶች ደግሞ አየር ፍለጋ ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ በዚያው የቀረችው እርጥበት ትተናለች። ቆላ ላይ እንስራን ሳይከድኑ ፀሐይ ላይ እንደመተው ነው። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ላሪ መርዶክና ባልደረቦቻቸው በ2012 እ.ኤ.አ. የአደንጓሬ ዘመድ በሆነው ሎቢያ ላይ ያለውን ነቀዝ አጥንተው ያሳዩት ይህንን ነው፤ የሚሞተው ደርቆ ነው። እኛም አገር ገበያ የገባው ባለ ሦስት ድርብ የእህል ማከማቻ ከረጢት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ ከጀመሩት ሥራ የተገኘ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ጉድጓድ ቀብሮ አፉን ሲደፍንም የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው፤ ችግሩ ጉድጓዱ እርጥበት ማስገባቱ ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብኝ። ጥናቱ በሎቢያ ነቀዝ ላይ የተሠራ ነው፤ የዱቄቱ ጥንዚዛ ሌላ ፍጡር ነው። ምንም የማይበላውን እንቁላል ደግሞ መብላት በማቆም ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል። የሚበዛው ካርቦን ዳይኦክሳይድም መስኮቶቹን ስለሚያስከፍት የገዳይነቱ ድርሻ ምን ያህል ነው የሚለው አከራክሯል። ጤፍን ከባቄላ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥም ከዚህ የተለየ ጥበብ ነው፤ ጤፏ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልታ ነቀዙን መላወሻ ታሳጣዋለች። በኦክስጅን ላይ አታመካኙት።

ለቤታችሁ የሚሆነውን ከዚሁ ማውጣት ይቻላል። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ግማሹ ባዶ ከሆነ 10 ሊትር አየር፣ በውስጡም 2 ሊትር ያህል ኦክስጅን አለ፤ ለጥቂት ጥንዚዛ ይህ የረጅም ጊዜ ስንቅ ነው። በዚያ ላይ ሊጥ ለማቡካት በተከፈተ ቁጥር ስንቁ ይታደሳል። ያቺ እናት «ብትከድኚውም ዋጋ የለውም» ያሉት ይህን አይተው ይመስለኛል። ዱቄቱን በትናንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ እስከ አፉ ጠቅጥቁት፣ አጥብቃችሁ ግጠሙት፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አትክፈቱ። ከወፍጮ ቤት ትኩሱን እንደመጣ ግን አትግጠሙት፤ ሙቀቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ይሠራል፣ ጤዛውም ሻጋታ ይጠራል። ቀዝቅዞ ይግባ።

ፍሪዘር ያለው ሰው፣ በተለይ ሽሮና በርበሬ ከአገር ቤት የሚላክለት የዋሽንግተን ወይም የቴል አቪቭ ነዋሪ፣ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች አንድ ሳምንት ቢያቆየው እንቁላሉም ይሞታል። ተራው የፍሪጅ ቅዝቃዜ ግን እድገቱን ቢገታው ነው። ከፍሪዘር ሲወጣ ደግሞ እንደታሸገ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቅ፤ በብርዱ ከተከፈተ የክፍሉ እርጥበት ዱቄቱ ላይ ያርፋል።