«ጠገነ»፣ «ጠጋገነ» እና «ጋራዥ አስገባ»፦ የአሜሪካ የመኪና ዋስትና ሕጎች በአማርኛ ሲተረጎሙ የሚነሣ የቆጠራ ጥያቄ

በዩናይትድ ስቴትስ «ሌመን ሎው» በሚል የተለምዶ ስም የሚታወቁት ሕጎች፣ አዲስ መኪና ገዝቶ በዋስትናው ዘመን በአንድ ጉድለት ሲንገላታ የቆየን ሸማች ለመጠበቅ የወጡ ናቸው። በዚህ መልክ ቀድማ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1982 ኮኔቲከት ናት፤ ዛሬ ሃምሳዎቹም ግዛቶች የየራሳቸው አላቸው። ዝርዝራቸው ይለያይ እንጂ የጋራ ጠባያቸው መቁጠር ነው። በቨርጂኒያ፣ መኪናው ለገዢው ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ ባሉት 18 ወራት ውስጥ አንዱ ጉድለት ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ለጥገና ቀርቦ ካልተወገደ፣ ወይም ለደኅንነት እጅግ የሚያሰጋ ጉድለት በአንድ ሙከራ ካልተወገደ፣ ወይም መኪናው በድምሩ 30 ቀን ከአገልግሎት ውጭ ከሆነ፣ ሕጉ አምራቹ በቂ የማደስ ዕድል እንዳገኘ ይገምታል። በካሊፎርኒያ ግምቱ የሚሠራው በ18 ወር ወይም በ18,000 ማይል ክልል ውስጥ ነው። ቁጥሩም አራት ሲሆን፣ ሞት ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ሊያደርስ ለሚችል ጉድለት ወደ ሁለት ይወርዳል። ቁጥሩ ሲሞላና ጉድለቱ በመኪናው አገልግሎት፣ ዋጋ ወይም ደኅንነት ላይ ጉልህ ጉዳት ያደረሰ ሲሆን፣ አምራቹ መኪናውን ለመተካት ወይም ገንዘቡን ለመመለስ ይገደዳል።

ነገሩ የአማርኛ አጥኚን የሚመለከተው በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ስለሚኖርና ከዚያም ውስጥ በመኪናው የሚተዳደረው ጥቂት ስላልሆነ ነው። የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣ ወዲህ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ግዴታው ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንጂ የመኪና ሻጮች አይደለም። የዋስትናው ደብተርና የጥገናው ወረቀት እንግሊዝኛ ሆነው ይቀራሉ፤ አቤቱታው ግን በአማርኛ ይነገራል። በሁለቱ መካከል የሚቆመው አስተርጓሚ፣ ብዙ ጊዜም ልጅ ወይም ዘመድ፣ በአንድ ግሥ ምርጫ ጉዳዩን ሊያጠናክር ወይም ሊያላላ ይችላል።

ስሙ እምብዛም አያስቸግርም። በእንግሊዝኛ የአራዳ አነጋገር «ሎሚ» የተባለው የማይረባ መኪና ነው፤ ጆርጅ አከርሎፍም እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪናዎች ገበያ በጻፈው ጥናት ቃሉን ወደ ምጣኔ ሀብት ትምህርት አስገብቶታል። በእኛ ዘንድ ሎሚ በጥምቀት ለተወደደች ልጃገረድ የሚወረወር ነውና «የሎሚ ሕግ» ማለት ቅሬታን ሳይሆን ሽቶን ያስታውሳል። የተውሶ ቃሉን እንዳለ መተው ይሻላል።

«ዋስትና» ከዚህ ይከብዳል። ቃሉ «ዋስ» ከሚለው የመጣ በመሆኑ ከባለዕዳውና ከባለገንዘቡ ሌላ ሦስተኛ ሰውን ይጠራል፤ በፍርድ ቤትም የሚታወቀው በዚሁ መልኩ ነው። ስለዚህ ሰሚው «ዋሱ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ መልሱም ብዙ ጊዜ መኪናውን በእጁ ያስረከበው ሻጭ ይሆናል። በነዚህ ሕጎች ግን ዋነኛው ተጠያቂ በራሱ ምርት ላይ የጽሑፍ ቃል የገባው አምራች ነው። በስደተኛው አማርኛ «ካምፓኒው» የሚባለው ሻጩንም አምራቹንም ስለሚያጠቃልል ልዩነቱ ይበልጥ ይደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የተረቀቀው በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው። ይህ ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ የተሸጠውን ዕቃ ጉድለት በሻጩ ኃላፊነት ላይ ያቆማል፤ የጥገና ሙከራንም አይቆጥርም። ከአገር ቤት የመጣው የሕግ ግንዛቤ ወደ ሻጩ ቢያመለክት እንግዲህ ምክንያት አለው።

ቀጥሎ «ተበላሸብኝ» አለ። ይህ ግሥ አድራጊ የለውም፤ «-ብኝ» ተጎጂውን ይነግረናል እንጂ ጥፋተኛውን አይነግረንም። በተጨማሪም «ተበላሸ» ያለ ሰው ነገሩ ቀድሞ ደኅና እንደነበረ ይጠቁማል፤ ይህም በባለቤቱ አያያዝ ተበላሸ ለሚል ተከራካሪ በር ይከፍታል። «ጉድለት» ወይም «እንከን» ግን ከዕቃው ጋር የመጣ ነው። ሁለቱን ቃላት እንደ ተመሳሳይ የሚሰጡ መዝገበ ቃላት በዚህ ነጥብ አይረዱንም።

የጉዳዩ እምብርት ቆጠራው ነው። አማርኛ ተደጋጋሚ ድርጊትን የሚገልጽበት ባለጸጋ መንገድ፣ ተነባቢን ደግሞ በመካከሉ «ኣ»ን በማስገባት የሚመሠረተው የድግግሞሽ ግሥ ነው፤ ሰበረ—ሰባበረ፣ ነካ—ነካካ፣ ጠገነ—ጠጋገነ። ይህ ቅርጽ ብዛትን ይናገራል፤ ብዛቱ የምን እንደሆነ ግን አይወስንም። «ሰባበረው» ስንል ድርጊቱ አንድ፣ ስብርባሪው ብዙ ሊሆን ይችላል። «ነካካ» ደግሞ መቀነስን፣ ለይስሙላ ማድረግን ያመጣል። የሚከተሉትን እናነጻጽር፤

(1) መኪናው ተጠጋግኗል።
(2) መኪናው ሦስት ጊዜ ተጠግኗል።
(3) መኪናውን ሦስት ጊዜ ጋራዥ አስገብቼዋለሁ።

በ(1) ጥገናው በብዙ ቦታ፣ በብዙ ጊዜ ወይም በግድየለሽነት ተደርጎ ሊሆን ይችላል፤ ለሕጉ የሚጠቅመው ሁለተኛው ብቻ ነው። (2) ቁጥር አለው፤ ነገር ግን «ተጠግኗል» ውጤቱን ያጸድቃል። ሦስት ጊዜ ከዳነ ሦስት ልዩ ልዩ ሕመም ነበረበት ብሎ መከራከር ይቻላል። ብዙ ተርጓሚዎች «የጥገና ሙከራ» የሚሉት ይህን ለመሸሽ ነው፤ የሚነቀፍ ባይሆንም ተናጋሪው በራሱ አንደበት የማይለው ነው። ራሱ የሚለው (3)ን ነው። «አስገባ» የአድራጊነት ግሥ ሆኖ ባለቤቱን ባለ ድርጊት ያደርጋል፣ መነሻና መድረሻ ስላለው በ«ጊዜ» ይቆጠራል፣ ስለ ውጤቱም ምንም አይልም። የቨርጂኒያ ሕግ የሚቆጥረውም መኪናው ለጥገና የቀረበበትን ጊዜ ነው። በእኔ አስተያየት የትርጉሙ መሠረት መሆን ያለበት ይህ ተራ አነጋገር ነው፤ አንድ ማረሚያ ብቻ ይፈልጋል። ሕጉ የሚቀበለው በአምራቹ፣ በወኪሉ ወይም ሥልጣን በሰጠው ነጋዴ ዘንድ የተደረገውን ሲሆን፣ «ጋራዥ» ግን የሰፈሩንም መካኒክ ይጨምራል። ስለ ቀናቱም እንዲሁ «ቆመ» ብቻውን አይበቃም፤ በቤቱ ደጃፍ የቆመውን «ለጥገና ከቆመው» መለየት ያሻል።

ሌላው አደገኛ ቃል «ተመሳሳይ» ነው። በዛሬው የጽሑፍ አማርኛ አንድ የሆነውንም የሚመስለውንም ይገልጻል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን የዚያኑ ጉድለት መመለስ ነው። በመጀመሪያ ማርሹ፣ በሁለተኛው ፍሬኑ፣ በሦስተኛው መሪው የታወከበት ሰው ሦስት «ተመሳሳይ ችግሮች» ነበሩብኝ ቢል አማርኛው ትክክል ነው፤ በቁጥሩ ግን ሦስት አይሞላም። «ያንኑ ጉድለት» የሚለው አገላለጽ ይህን ይለያል።

በመጨረሻ የሸማቹን ማንነት የሚወስነው ሐረግ አለ። ቨርጂኒያ ሸማች የምትለው መኪናውን ጉልህ በሆነ መጠን ለግል፣ ለቤተሰብ ወይም ለቤት አገልግሎት የሚጠቀምበትን ነው። ይህ ሐረግ «በአብዛኛው» ተብሎ ሲተረጎም ከግማሽ በላይ ማለት ይሆናል፤ እንግሊዝኛው ግን ያን ያህል አይጠይቅም። ቀን ተሳፋሪ እያመላለሰ ማታና ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቡን በዚያው መኪና የሚያጓጉዝን አንድ አዛውንት «ጋሼ፣ መኪናውን በአብዛኛው ለምን ይጠቀሙበታል?» ብሎ መጠየቅ አንድ መልስ ብቻ ያመጣል፤ «ለሥራ ነው እንጂ ልጄ፣ ለምን ይሆናል?» ይላሉ። «ለቤትዎስ ምን ያህል ያገለግልዎታል?» ተብለው ቢጠየቁ ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረሱን፣ ገበያውን፣ የእሑዱን ቤተ ክርስቲያን ይቆጥራሉ።