የአሸዋ ምላስና የወንዝ አፍ፤ በሴኔጋል ወንዝ መድረሻ ስላለው የባሕር ዳር ለውጥ

ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ስፍራ፥ በአንድ ወገኑ ከየብስ ጋራ ተያይዞ በሌላው ወገኑ ወደ ውሃ የሚዘረጋ ረጅምና ጠባብ የአሸዋ ክምር ብዙ ጊዜ ይታያል። ይህን በዚህ ጽሑፍ የአሸዋ ምላስ ብለን እንጠራዋለን። ካርታ ለሚመለከት ሰው የአሸዋ ምላስ እንደ ማናቸውም መሬት ጸንቶ የሚኖር ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቋሚ መሬት ከሚባል ይልቅ በዝግታ የሚጓዝ አሸዋ ቢባል ለእውነቱ ይቀርባል። ጉዞው የሚከናወንበትን ሥርዐትና በላዩ በሚኖረው ሕዝብ ላይ የሚያመጣውን ነገር ለማስረዳት፥ በምዕራብ አፍሪካ በሴን ሉዊ ከተማ አጠገብ ያለውን ምላስ እንመለከታለን። ፈረንሳዮች ይህን ስፍራ ላንግ ደ ባርባሪ ብለው ሰይመውታል፤ ትርጓሜውም የባርባሪ ምላስ ማለት ነው።

አስቀድሞ ምላሱ እንዴት እንደሚያድግ እንይ። በዚያ ዳርቻ ታላላቆቹ ሞገዶች አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ዳርቻውን የሚመቱት ፊት ለፊት ሳይሆን በአግድመት ነው። ሞገዱ አሸዋውን ይዞ በሰያፍ ወደ ላይ ይወጣል፤ ውሃው ሲመለስ ግን ቁልቁለቱን ተከትሎ በቀጥታ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ የአሸዋ ቅንጣት በወጣና በወረደ ቍጥር ጥቂት ወደ ደቡብ ይራመዳል። እርምጃው ትንሽ ቢሆንም ያለማቋረጥ የሚደረግ ስለሆነ፥ በየዓመቱ በብዙ መቶ ሺህ ሜትር ኩብ የሚቈጠር አሸዋ በዚህ መንገድ ይጓዛል። ተጓዡ አሸዋ ወደ ወንዙ አፍ ሲደርስ ዳርቻው ይቋረጥበታልና በዚያው ይቀመጣል፤ ምላሱም በጫፉ እየጨመረ ይረዝማል። ወንዙም ወደ ባሕር የሚወጣበት በር ስለሚደፈንበት፥ በምላሱና በየብሱ መካከል ወደ ደቡብ እየታጠፈ እንዲሄድ ይገደዳል።

ይሁን እንጂ ይህ እድገት ወሰን አለው። ምላሱ በረዘመ መጠን የወንዙ መንገድ ይረዝማል፤ መንገዱ ሲረዝም ቁልቁለቱ ይቀንሳል፤ ቁልቁለቱ ሲቀንስ ደግሞ የክረምቱ ሙላት ቶሎ መውጫ አጥቶ ከምላሱ በስተኋላ ይከማቻል። በዚህ ጊዜ ከውጭ የባሕሩ ሞገድ፥ ከውስጥ የወንዙ ውሃ ጠባቡን ወገብ ይበሉታል። በመጨረሻም ምላሱ ከአንድ ስፍራ ይበጠስና ወንዙ በአጭር መንገድ ወደ ባሕር ይገባል። ከብጣሹ በስተደቡብ የቀረው ክፍል አሸዋ የሚመግበው ስለሌለ እየተበላ ያልቃል፤ አሮጌው አፍ ኃይለኛ ፍሰት ስለሚያጣ በአሸዋ ይዘጋል፤ ሰሜናዊው ክፍል ግን እንደ ገና መርዘም ይጀምራል። የሴኔጋል ወንዝ አፍ ባለፉት መቶ ዓመታት ደጋግሞ ስፍራውን የለወጠው በዚህ ሥርዐት ነው።

በ1659 የተመሠረተችው ሴን ሉዊ በወንዙ መካከል ባለች ደሴት ላይ የተሠራች ስትሆን፥ የዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ጌት ንዳር ግን በምላሱ በራሱ ላይ ይገኛል። በከተማይቱ ነዋሪዎች ዘንድ ማም ኩምባ ባንግ የምትባል የወንዙ ጠባቂ መንፈስ አለች፤ ስጦታም ይቀርብላታል። ውሃው እንደ ሰው የሚከበርና የሚለመን ባለቤት እንዳለው ማመናቸው፥ ከወንዙና ከባሕሩ መካከል በአሸዋ ላይ ለሚኖር ሕዝብ የሚያስደንቅ አይደለም።

እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በጥቅምት ወር 2003 ዓ.ም. ብርቱ ሙላት ከተማይቱን አስጨነቃት። በዚያን ጊዜ የወንዙ አፍ ከከተማይቱ ወደ ደቡብ 30 ኪሎሜትር ያህል ርቆ ነበር። ባለሥልጣኖቹ ውሃውን ለማስተንፈስ ብለው፥ ከከተማይቱ 7 ኪሎሜትር ያህል ርቆ ምላሱን 4 ሜትር በሚሆን ስፋት አስቈረጡት። ውሃው ፈጥኖ ጐደለ፤ ከተማይቱም ዳነች። ነገር ግን ቦዩ በተቈፈረበት ስፋት አልጸናም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ200 ሜትር በላይ ሆነ፤ ከዓመታት በኋላም ስፋቱ በኪሎሜትር የሚቈጠር ሆነ።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የወንዝን አፍ ክፍት አድርጎ የሚያኖረው በየቀኑ የሚገባውና የሚወጣው የባሕር ውሃ ነው። መንገዱ ሲያጥር የባሕሩ ሙላትና ጕድለት ከቀድሞው ይልቅ በኃይል ወደ ወንዙ ዘለቀ፤ በበሩም በኩል የሚመላለሰው ውሃ በዝቶ ዳርና ዳሩን እየጠረገ ወሰደው። ቦዩን የቈፈረው ሰው ሲሆን፥ ልኩን የወሰነው ባሕር ነው።

ዋጋውን የከፈሉት ግን ሌሎች ናቸው። ከብጣሹ ፊት ለፊት የነበረው ዱን ባባ ዲዬ የተባለው መንደር ምላሱ ከሞገድ ይከልለው ነበር፤ ከለላው ሲወገድ ቤቶቹ አንድ በአንድ ፈረሱ፥ ሕዝቡም ተሰደደ። በጋንዲዮል አገር ሽንኵርት የሚያለሙ ገበሬዎች ጕድጓዳቸውና መሬታቸው ጨው ገባበት። ዓሣ አጥማጆቹ ወደ ባሕር የሚወጡበት መንገድ ቢያጥርላቸውም፥ በአዲሱ አፍ ላይ ያለው የሚዘዋወር የአሸዋ ድልድልና የሚሰበር ሞገድ ብዙ ጀልባ ገልብጦ የብዙ ሰው ሕይወት አጥፍቷል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፥ የአሸዋ ምላስ መበጠስ ከሥርዐት የወጣ አደጋ ሳይሆን የእድገቱ አንዱ ክፍል ነው፤ ሰው ሊያደርግ የሚችለው ቦታውንና ጊዜውን ማፋጠን ወይም ማዘግየት ነው። ሁለተኛ፥ ቦታው ሲመረጥ የማን ቤት እንደሚድንና የማን ቤት እንደሚፈርስ አብሮ ይመረጣል። ስለዚህ የሕዝብን ኑሮ የሚያጠና ሰው የሞገዱን ስሌት ለመሐንዲሶች ብቻ ትቶ ሊያልፍ አይገባውም፤ መሐንዲሱም ቦይ ከመቈፈሩ በፊት የአሸዋውን መንገድ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲከታተሉ የኖሩትን የዳርቻውን ሰዎች ሊጠይቅ ይገባዋል።